በሐዋሳ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲገዛ፦ ከዋቱ በፊት ባትሪው ይመዘን

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ምርጫው ቀላል ነው። ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል፣ ከአቶቴ ወደ ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ከሞላ ጎደል ሜዳ ስለሆነ 250 ዋት ያለው ጤነኛ ሞተር ይበቃል። ነገሩ የሚከብደው ከከተማ ሲወጣ ነው። ከጥቁር ውሃ በኋላ ወደ ሻሸመኔ መንገዱ ቀስ እያለ ይነሳል። በቱላ በኩል ወደ ይርጋለም የሚወስደው አቀበትና ቁልቁለት አያጣውም። የአላሙራን ተራራ ልውጣ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከሐይቁ ማዶ በዶሬ ባፋኖ በኩል ያለው ጥርጊያ መንገድ በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ይሆናል። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከነዚህ መንገዶች የትኛውን አዘውትሮ እንደሚሄድ መወሰን አለበት፤ አንዱን የሚችል ብስክሌት ሌላው ላይ ሊያቅተው ይችላልና።

የምንገመግማቸው አራት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው በተለምዶ ግራቭል የሚባለው፣ ቀለል ያለና ቀጠን ያለ ጎማ ያለው፣ ትንሽ ሞተር ኋላ ጎማው መሃል የተቀበረበት ነው። ሁለተኛው ሰፊ ጎማና የፊት ሾክ ያለው ማውንቴን ሲሆን የእሱም ሞተር ኋላ ጎማው ውስጥ ነው። ሦስተኛው እንደ ቦሽና ሺማኖ ያሉት የሚሠሩት ሞተር ፔዳሉ መሃል የተገጠመለት የፋብሪካ ማውንቴን ነው። አራተኛው ቤት ያለውን ብስክሌት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኪት ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋት። ሻጭ ወሬውን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ «1,000 ዋት ነው» ሲባል ግን የትኛው 1,000 እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ሞተር ሳይሞቅ ለሰዓታት የሚሰጠው ኃይልና ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠው ኃይል በጣም ይራራቃሉ። የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ የሚባለው የፔዳል መሃል ሞተር ወረቀቱ ላይ 250 ዋት ነው፤ የአውሮፓ ሕግ የሚፈቅደው ያንን ያህል ስለሆነ ነው። አቀበት ላይ ግን እስከ 600 ዋት ይደርሳል፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱም 85 ኒውተን ሜትር ነው። በተቃራኒው 1,000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት የጎማ ሞተር መቆጣጠሪያው ላይ 48 ቮልት፣ 15 አምፔር የሚል ካለ ከባትሪው መሳብ የሚችለው 720 ዋት ብቻ ነው፤ ከዚያም አንድ አምስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ያለ የብረት ሳጥን ነው። ተለጣፊውን አንብቡና ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት፤ ከማስታወቂያው ይልቅ እሱን እመኑ።

ስንት ዋት ይበቃል? 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከብስክሌቱና ከቦርሳው ጋር 100 ኪሎ ይሆናል እንበል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚነሳ ጠንካራ አቀበት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ ወደ 310 ዋት ያስፈልጋል። ደህና የሚገፋ ሰው 100 ዋት ከእግሩ ይሰጣል፤ የቀረው 210 ዋት የሞተሩ ድርሻ ነው። ስለዚህ በእውነት 250 ዋት የሆነ ሞተር ጥሩ ማርሽ ካለው ሥራውን ይሠራል። ቁም ነገሩ ያለው «ማርሽ ካለው» የሚለው ላይ ነው። ፔዳሉ መሃል ያለ ሞተር ኃይሉን በሰንሰለቱ ስለሚልክ ማርሹን ስትቀንሱለት እሱም ይቀለዋል። ጎማ ውስጥ ያለው ግን ከጎማው ጋር ብቻ ይዞራል። ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አቀበት ሲገፋ ግን ዙሩ ወደ 75 ይወርዳል። በዚያ ዝግተኛ ዙር ከባትሪው ከሚወስደው ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ውስጡ የናይለን ጥርስ ካለው ጥርሱ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይበላል። ረጅም አቀበት ከወጣችሁ በኋላ የሞተሩን ሽፋን በእጃችሁ ንኩት፤ አምስት ሰከንድ መያዝ ካቃታችሁ ይረፍ።

አንድ መልካም ነገር ግን አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። የነዳጅ ሞተር ከፍታ ሲጨምር አየር ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ አንድ ዋት አይጎድልበትም።

ከዋት በላይ ሊጣራ የሚገባው የባትሪው መጠን ነው፤ ገዢ በብዛት የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የባትሪ መጠን የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 36 ቮልት 14 አምፔር ሰዓት 504 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 48 ቮልት 13 አምፔር ሰዓት ደግሞ 624። ተለጣፊ ላይ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ክብደትን መዋሸት ግን አይቻልም። ባትሪው ውስጥ ያሉት እንደ ጣት ድንጋይ ያሉ ትናንሽ ሴሎች ናቸው። 18650 የሚባለው ዓይነት አንዱ 48 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ቢበዛ 3.5 አምፔር ሰዓት ይይዛል። 21700 የሚባለው ወደ 70 ግራም ነው፣ 5 አምፔር ሰዓት ይይዛል። 36 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ለማድረግ ከመጀመሪያው 60፣ ከሁለተኛው 40 ሴል ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ሴሉ ብቻ 2.8 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ ሳጥኑ፣ ሽቦውና መቆጣጠሪያ ካርዱ ሲጨመሩ ከ3 ኪሎ ተኩል አይርቅም። ባትሪውን ከብስክሌቱ ነቅላችሁ ሱቁ አጠገብ ያለ የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። «20 አምፔር» የተባለው ባትሪ ሚዛኑ ላይ 2 ኪሎ ከ200 ካለ ውስጡ 20 አምፔር የለም። ለማስታወስ እንዲመች፣ ዋት ሰዓቱ ለኪሎው ሲካፈል ከ220 በላይ ከመጣ ተጠራጠሩ፤ ጥሩ የሚባሉት የፋብሪካ ባትሪዎች ሳይቀሩ ከ170 እስከ 200 መካከል ናቸው።

ሁለተኛው መፈተኛ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አይሳሳትም። ባትሪው እስኪዘጋ ድረስ ይነዳ፣ ከዚያ 2 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ይሰካ፣ ሰዓት ይያዝ። 14 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ለመሙላት 7 ሰዓት ያህል መፍጀት አለበት፤ መጨረሻው ላይ ስለሚያዘግም ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በ4 ሰዓት አረንጓዴው መብራት ከበራ ያላችሁ 8 አምፔር ሰዓት ነው። ሻጩ ይህን ፈተና በዋስትናው ጊዜ ውስጥ እንዲቀበል ከመክፈል በፊት ተስማሙ፣ በጽሑፍም ይሁን።

ያገለገለ ባትሪ ከሆነ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። 36 ቮልቱ ሙሉ ሲሆን 42 ቮልት፣ 48 ቮልቱ 54.6 ማሳየት አለበት። ሞልቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ 36 ቮልቱ ከ41 በታች ከወረደ ከውስጥ የደከመ ሴል አለ።

አሁን ርቀቱን እናስላ። ደህና አስፋልት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ እየገፉ፣ በኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 8 ዋት ሰዓት ይሄዳል። ጠጠር ላይ ከ9 እስከ 12፤ የላመ አሸዋ ላይ ከ15 በላይ። አቀበት ለብቻው ይደመራል፦ 100 ኪሎ ክብደት 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ሥራው በሙሉ ለሞተሩ ከተተወ 35 ዋት ሰዓት ያህል ከባትሪው ይወጣል፣ ግማሹን በእግር ከተገፋ 18 ያህል። ሻሸመኔን እንውሰድ። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሐዋሳ ወደ 200 ሜትር ከፍ ትላለች። በኪሎ ሜትር 7 ብንይዝ ለመንገዱ 175፣ ለከፍታው (በከፊል እየገፉ፣ በ36ና በ70 መካከል) 50፣ ድምሩ 225 ነው። መመለሻው ቁልቁለት ስለሚበዛው በ5 ብናስበው 125። ደርሶ መልስ 350 ዋት ሰዓት። 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ይላል፤ በወረቀት ይደርሳል፣ በመንገድ ግን ጥቁር ውሃን ሳታዩ ሊያቆማችሁ ይችላል። ባትሪ ሲደክም ቮልቱ ስለሚወድቅ የመጨረሻውን 15 በመቶ አቀበት ላይ አትጠቀሙበትም፤ የፊት ንፋስ ካለም ስሌቱ ይፈርሳል። ለዚህ መንገድ ከ500 በታች አትግዙ። ወደ ይርጋለም ወርዶ በዚያው ቀን መመለስ ለሚፈልግ ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በሁለት ስለሚባዛ 700 እና ከዚያ በላይ፣ አለዚያ ሁለተኛ ባትሪ ወይም እዚያ ምሳ እየበሉ የሚሞሉበት ሶኬት ያስፈልጋል።

ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ባትሪውን በሻንጣ ላስመጣ ይላል። አይሆንም። በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ የሚፈቀደው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ነው። የብስክሌት ባትሪ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፣ ኤርፖርት ላይም ይቀራል። ብስክሌቱ ያለ ባትሪ መምጣት ይችላል፤ ባትሪው ግን በጭነት መንገድ መምጣት ወይም እዚሁ መገኘት አለበት። ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ፣ ቅርጹ ለዚያ ብስክሌት ብቻ የተሠራ ባትሪ ያለውን ስትገዙ ይህን አስቡ።

ወደ አራቱ እንመለስ። ቀላሉ ግራቭል፣ ለምሳሌ ማህሌ ኤክስ35 የሚባል ሞተር የተገጠመለት፣ 40 ኒውተን ሜትርና 250 ዋት ሰዓት ያህል አለው። መላው ብስክሌት ወደ 15 ኪሎ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶም እንደ ተራ ብስክሌት ይነዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባትሪ ባለቀበት ቦታ 25 ኪሎ ብረት እየገፉ መመለስ አይኖርም። ጠንካራ እግር ላለውና አስፋልትና የተደለደለ ጠጠር ለሚነዳ ሰው ግሩም ነው። ባትሪው ግን ፍሬሙ ውስጥ ስለሆነ ለብቻው አይወጣም፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ መውጣት አለበት። በዶሬ ባፋኖ አሸዋ ላይ ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ እንደ ቢላ ይሰምጣል። ለዚያ መንገድ አንመክረውም።

ሞተሩ ፔዳሉ መሃል የሆነው የፋብሪካ ማውንቴን ለአላሙራም ለጭቃም ከሁሉ ይበልጣል። ፔዳሉ ላይ ምን ያህል እንደተጫናችሁ የሚለካ ዳሳሽ ስላለው ኃይሉ በልክ ይመጣል፤ ልቅ ድንጋይ ላይ ጎማ አያንሸራትትም። ችግሩ ሁለት ነው። ሰንሰለትና የኋላ ጥርስ ቶሎ ይበላል፦ አሥራ ሁለት ሙሉ ሰንሰለት ዘለበት በማስመሪያ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 306.3 ሲደርስ ሰንሰለቱን ለውጡ፤ ካለፋችሁት ጥርሱንም አብሮ ይጨርሳል። ዋናው ችግር ግን የተዘጋ ሥርዓት መሆኑ ነው። የቦሽ ሞተር የቦሽ ባትሪና የቦሽ ማሳያ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ስህተት ሲያሳይም ምክንያቱን የሚያነብ የወኪል ሶፍትዌር ይፈልጋል። ሻጩ ያንን ሶፍትዌር የከፈተ ላፕቶፕ ዓይናችሁ እያየ ካላሳያችሁ፣ ሞተሩ ድንቅ ቢሆንም፣ አትግዙት።

ኋላ ጎማው ውስጥ 36 ወይም 48 ቮልት ሞተር ያለው ማውንቴን እንደዚያ በልክ አይነዳም፣ ግን ይጠገናል። መቆጣጠሪያው፣ የእጅ ጋዙ፣ ማሳያው ቮልቱና ሶኬቱ ከገጠመ ከሌላ ፋብሪካም ይተካል። የኋላ ጥርሱም ብዙ ጊዜ ተጠምዝዞ የሚገባው ባለ 7 ዓይነት ስለሆነ ተራ የብስክሌት ጠጋኝ የሚያውቀው ነው። ድክመቱ ጎማው ላይ ነው። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ በኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የቸርኬው ሽቦዎች ይላላሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን ጨብጣችሁ ፈትሹአቸው፤ ከሌሎቹ የለሰለሰ ካለ ይወጠር። ርካሾቹ ላይ ዳሳሹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ስለሚያይ ኃይሉ ግማሽ ዙር ዘግይቶ ይመጣል፣ ስታቆሙም ዘግይቶ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋ ሽቦ መኖሩን ጎማውን አንስታችሁ ሞክሩት፤ ከሌለ ሌላ እዩ።

ኪቱን በተመለከተ በብዛት የሚታወቀው ሞተሩ ፔዳሉ መሃል የሚገጠመው ባፋንግ ቢቢኤስ02 ነው። የሚገባው ፔዳሉ የሚዞርበት ቱቦ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረውና ውስጡ እንደ ዳዶ ጥርስ ሲኖረው ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩ። ጥሩ ማርሽ ላለው ማውንቴን ከተገጠመ አቀበት ላይ ከጎማ ሞተር በብዙ ይበልጣል፣ ባትሪውም ክፍት ስለሆነ ከየትም ይተካል። የተለመደው ጉድለቱ መያዣ ዳዶው ሲላላ ሞተሩ ወደ ኋላና ወደ ፊት መወዛወዙ ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትርና በ100 ኪሎ ሜትር እንደገና ይጥበቅ። ብረት ዘንግ ፍሬን ያለው የድሮው የህንድ ብስክሌት ላይ ግን አትግጠሙት፤ የሚሄደውን ማቆም አይችልም።

የእኛ ምርጫ፣ ከከተማ እስከ ሻሸመኔና ሐይቁ ዙሪያ ለሚነዳ ሰው፣ ባትሪው ተነቃይና በሚዛን የተረጋገጠ 500 ዋት ሰዓት የሆነ የጎማ ሞተር ማውንቴን ነው። አላሙራንና የይርጋለምን አቀበት ለሚወድ ደህና ማውንቴን ላይ የተገጠመ ኪት ይሻላል።

ጎማና ፍሬን ላይ ጥቂት። «28» የሚለው ቁጥር ሁለት የተለያየ ቸርኬ ነው፦ የድሮው 635 ሚሊ ሜትር፣ የግራቭሉ 622። 29 የሚባለው የማውንቴን ጎማም 622 ነው። ጎማው ጎን ላይ እንደ 40-622 ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ግዙ፣ አለዚያ አይገባም። የግራር እሾህ ላለበት መንገድ ከመነዳሪ ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ፈሳሽ ጎሚስታ ቤት መመላለስን ይቀንሳል፤ በሙቀት ስለሚደርቅ በየሦስት ወሩ ይታይ። ለ25 ኪሎ ብስክሌት የዲስክ ፍሬን፣ የፊቱ 180 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱን እዩ፦ ሺማኖ ማዕድን ዘይት ነው የሚወስደው። የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠውን ዶት 4 የሚባል የፍሬን ዘይት ከጨመራችሁበት ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ፍሬኑን መለወጥ ነው። ማዕድን ዘይት ማግኘት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ይሻላል፤ ሽቦው የትም አለ።

ቻርጀር ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል ከጎረቤት መዋስ አደገኛ ነው። የ36 እና የ48 ቮልት ቻርጀር መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ 54.6 ቮልት የሚሰጠውን 42 በሚይዘው ላይ መሰካት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ተለጣፊው ላይ መውጫ የሚለውን አንብቡ፣ ከቻላችሁ በመልቲሜትር ለኩ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ቮልቱ ዘሎ ሊመጣ ስለሚችል አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ከአቀበት የመጣ ትኩስ ባትሪ ጥላ ውስጥ ሳይበርድ አይሰካ። በክረምት ለወር የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ላይ ይቀመጥ እንጂ ሞልቶ ወይም ባዶ አይደር።

ላቫጆ ላይ የሚረጨው ውሃ የዝናብ መከላከያውን አልፎ ኩሽኔታና ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ በባልዲና በጨርቅ እጠቡት። የጎማ ሞተር ከሆነ የኋላውን ዳዶ፣ ብዙ ጊዜ 18 ቁልፍ ነው፣ ጎማው በተነቀለ ቁጥር በደንብ አጥብቁት፣ ከዘንጉ መቆለፊያ ብረት ጋር። ጎሚስታው ብረቱን ረስቶ ከመለሰው ዘንጉ በቦታው ይዞርና ሽቦውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጎማው ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ።